ራስ ምታት ሁሉ የቡና ሐራራ አይደለም

ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አንዲት ሴት ራሷን ሲያማት የመጀመሪያዋ ሐኪም ጎረቤቷ ናት። «ዛሬ ቡና አልጠጣሽም እንዴ?» ትላትና ጀበናው ይጣዳል። ካልተዋት ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ወባና ታይፎይድ ትመረመራለች፤ ከዚያ ፓራሲታሞል። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቡና የለመደ ሰው ሲቋረጥበት በእርግጥ ራሱን ያመዋል፤ የአንጎል ዕጢ ያለበት እጅግ ጥቂቱ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የእነዚያ የጥቂቶቹ ነገር ነው።

ዕጢው «ካንሰር አይደለም» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። የራስ ቅል ግን አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ሜኒንጂዮማ ከአንጎል ሽፋን ተነሥቶ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አካል ሳይነካ እዚያው አንጎልን ይጫናል። ብርቁ ኮሎይድ ሲስት ደግሞ በአንጎል መካከል ፈሳሽ የሚያልፍበት ጠባብ በር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ከረጢት ነው። በሩን ከዘጋው ትናንት ሥራ የዋለ ወጣት በድንገት ሊሞት ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ከዓይን ነርቮች ሥር ባለችው፣ ፒቱታሪ በምትባለው ሆርሞን አመንጪ አካል ላይ የሚበቅለው ዕጢ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሳትወልድ ጡቷ ወተት የሚያወጣ፣ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ራስ ምታቷን ይዛ በመካንነት ትታማለች። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ግን በደም ምርመራ ይታያል፤ ያንን ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ከሆነ ካበርጎሊን የሚባለው እንክብል ብዙ ጊዜ ያለ ቢላ ያኮማትረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። ሐኪሙ ቢኖርም ታካሚው የሚደርሰው ዕጢው ነርቩን ተጭኖ ዓይኑ ከደከመ በኋላ ከሆነ ምን ይፈይዳል? ዕጢው በሙሉ ቢወጣ እንኳ የደረቀ የዓይን ነርቭ አይመለስም።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚብስ፣ ሲያስሉና ሲያጎነብሱ የሚጨምር፣ ትውከት ወይም የዓይን ብዥታ ያለበት፣ በአዋቂነት ከጀመረ የሚጥል በሽታ ጋር የመጣ ራስ ምታት በማስታገሻ ብቻ መሸኘት የለበትም። በኦፍታልሞስኮፕ የዓይን ጀርባ ይታይ፤ ነርቩ ካበጠ በአስቸኳይ ወደ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይላክ። ዓይኑ ደህና ቢመስልም ምልክቱ ከቀጠለ ምርመራው አይቅር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ በማስተማር ይታወቃል፤ ወደ አጋሮና ወደ ሰቃ ሲወጡ ያንን በአንድ እጅ የሚያዝ ኦፍታልሞስኮፕ ይዘው ይውጡ፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችንም አጠቃቀሙን ያሳዩአቸው።