ስለ ሒሳብ ሠራተኛ ቤትና ስለ ኮምፒዩተር መዝገብ

የሐኪምን ሚስት ሰው ሁሉ፣ ባልሽ ሌሊት እየተጠራ ይወጣልን? ብሎ ይጠይቃታል። የወታደርንም ሚስት እንዲሁ። የሒሳብ ሠራተኛን ሚስት ግን ይህን ብሎ የጠየቃት ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ነገር ግን ከሰኔ 20 ቀን ጀምሮ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ባልዋን በቤት የማታገኘው እርስዋ ናት፤ የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚያልቅና መዝገቡ ሁሉ በዚያች ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን እንደ አዲስ ስለሚከፈት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የንግድ ቤትንና የፋብሪካን ሥራ በኮምፒዩተር ሥርዓት ሲያካሂዱ ዕድሜያቸውን ስለሚፈጽሙ ሰዎችና ስለ ቤታቸው ጥቂት ነገር ለመጻፍ ወደድሁ።

ከደሴ ተነሥቶ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በፋብሪካዎቹ ላይ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ሁለተኛ አጋማሽ የቆመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራው ፋብሪካ፣ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ፣ ደረቅ ወደቡና በሐምሌ 2009 ዓ. ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያው ሜዳ ላይ ይገኛሉ። መንገደኛው ጭስ ማውጫውንና የጭነት መኪናውን ተመልክቶ ያልፋል። ከዚያ ኋላ ግን በእያንዳንዱ ቤት መስኮትዋ ጠባብ የሆነች አንዲት ክፍል አለች፤ እርስዋም የሒሳብ ክፍል ናት። ጥጡ ሲገባ፣ ክሩ ሲወጣ፣ ደመወዙ ሲከፈል ነገሩ ሁሉ በዚያች ክፍል ያልፋል።

ከነዚህ ክፍሎች በአንዲቱ 36 ዓመት የሠሩ አንድ ወዳጅ አሉኝ። ሥራ የጀመሩት በ1979 ዓ. ም. በ24 ዓመታቸው ሲሆን፣ ጡረታ የወጡት በ60 ዓመታቸው በ2015 ዓ. ም. ነው። በጀመሩበት ጊዜ መሣሪያቸው ሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሣ ትልቅ መዝገብ፣ ካርቦን ወረቀትና እጀታው እየተሳበ የሚደምር መኪና ነበር። የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት አሥር ቀን ይፈጅባቸው ነበር። አንድ ጊዜ 45 ሳንቲም ጎድሎባቸው ሦስት ቀን እንደ ፈለጉትና በመጨረሻው በተገለበጠ ቁጥር ውስጥ እንዳገኙት ሲያጫውቱኝ እስከ ዛሬ ፊታቸው ይበራል። 54 ተብሎ ሊጻፍ የተገባው 45፣ ወይም 81 የተባለው 18 በሚሆንበት ጊዜ ጉድለቱ ሁልጊዜ ለ9 የሚከፈል ነው። የድሮ የሒሳብ ሰዎች ይህን ዘዴ እንደ ጸሎት ያውቁት ነበር።

በ1990ዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር በመሥሪያ ቤታቸው ገባ፤ ከእርሱም ጋራ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሥርዓት መጣ። የቃሉ ትርጓሜ የኮክ ዛፍ ማለት ነው። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ የተሠራ ሲሆን፣ በኋላ ባለቤቱ ሴጅ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሆኖ ስሙንም ለውጦታል። በአገራችን ግን ብዙ ነጋዴና ብዙ ማሠልጠኛ ቤት እስከ ዛሬ የሚጠራው በኮክ ዛፍነቱ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ፣ ፒችትሪ የሚያውቅ የሚል ቃል ሳይጨምር የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ወዳጄ ያን ጊዜ 40 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቶአቸው ነበር፤ ከልጃቸው ዕድሜ ካልራቀ ወጣት አጠገብ ተቀምጠው ጣታቸውን በሰሌዳው ላይ እንደ ፊደል ተማሪ ማንከባለል ግድ ሆነባቸው። ወጣቱም፣ ጋሼ እዚህ ጋ ይጫኑ፣ ጋሼ እዚያ ጋ ይጫኑ እያለ አስተማራቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን አስተማሪው ስለ ሒሳቡ ምሥጢር እርሳቸውን መጠየቅ ጀመረ።

በመንግሥቱም ቤት እንዲሁ ሆኖአል። የመንግሥት ሒሳብ ለብዙ ዘመን ገቢና ወጪው በአንድ ወገን ብቻ እየተጻፈ ይያዝ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ከአሜሪካው የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች በረዱበት ማሻሻያ፣ እያንዳንዱ ነገር ከሁለት ወገን ወደሚጻፍበት ሥርዓት ተዛወረ። ይህም በ1494 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሉካ ፓቾሊ የሚባለው መነኩሴ በቬኒስ በታተመ መጽሐፉ የገለጸው ሥርዓት ነው። ለዚሁም አይቤክስ የሚባል የበጀትና የወጪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ተሠርቶ እስከ ወረዳ ድረስ ወረደ። ይህ ስም ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገኘ ቢሆንም፣ በዚያው ቋንቋ ዋልያን ከሚያመለክተው ቃል ጋራ መገጠሙ ለተራራማው አገራችን መልካም ሆኖ ይታየኛል። ከእርሱም በኋላ ኦራክል በሚባለው ሥርዓት ላይ የተመሠረተው ኢፍሚስ መጣ። ለሱቅ ነጋዴውም በ1999 ዓ. ም. በወጣው በደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግዴታ ሆነበት።

ከዚህ በላይ የሆነው ሥርዓት በምኅጻር ኢአርፒ የሚባለው ነው። የዚህም ዓይነት ስሙ የገነነው ኤስኤፒ በ1964 ዓ. ም. ከአይቢኤም ኩባንያ በወጡ 5 መሐንዲሶች በጀርመን አገር የተቋቋመው ነው። የነገሩ ጠባይ እንዲህ ነው። በቀድሞው ጊዜ ጥጥ ሲገባ ግምጃ ቤቱ በራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ ግዢ ክፍሉ በራሱ፤ ሒሳብ ክፍሉም በራሱ። በወሩ መጨረሻ ሦስቱ መዝገቦች ሲተያዩ የማይስማሙበት ጊዜ ይበዛ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ 100 ኩንታል ጥጥ ተረክቤአለሁ፣ ብሎ አንድ ጊዜ በጻፈ ቅጽበት የንብረቱ ቁጥር ያድጋል፣ ለሻጩ የሚከፈለው ዕዳ ይመዘገባል፣ የሒሳቡም መዝገብ በሁለቱ ወገን ይሞላል። ይህ እጅግ መልካም ነው። ዳሩ ግን የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በ100 ፈንታ 1000 የጻፈ እንደ ሆነ ስሕተቱም እንደዚሁ በአንድ ቅጽበት ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ባለቤቶች ይህን ሥርዓት በብዙ ገንዘብ ገዝተው ለሠራተኞቻቸው ትምህርት ሦስት ቀን ብቻ ሲሰጡ ባየሁ ጊዜ፣ በቅሎ ገዝቶ መጫኛ የነፈገውን ሰው ያስታውሰኛል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግን ሰዎች ይህን ነገር ከብራና ጋራ እናስተያየዋለን። የብራና ጸሐፊ ቢሳሳት ቀለሙ የነካውን በወረንጦ ሳይሆን በቢላዋ ይፍቅና በላዩ ይጽፍበታል። የሒሳብ ሰው ግን መፋቅ ክልክል ነው፤ የተሳሳተውን እንዳለ ትቶ የሚያፈርሰውን ሌላ ጽሑፍ ከበታቹ ይጽፋል እንጂ። በትንንሾቹ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ያለፈውን ከፍቶ መለወጥ የሚቻል ስለ ነበረ ብዙ ፈተና መጣ፤ በትልልቆቹ ግን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደ ጻፈ ተመዝግቦ ይኖራል። ወዳጄ ሠራተኞቻቸውን፣ የምሥጢር ቁልፋችሁን ለወንድማችሁ እንኳ አትስጡ፤ በስማችሁ የተጻፈው የእናንተ ነውና፣ ይሉአቸው ነበር።

ሥርዓቶቹ አብዛኞቹ በባዕድ አገር ስለ ተሠሩ የእኛን ነገር አያውቁም። በመጀመሪያ ቀኑ ነው። ሐምሌ 1 ቀን ሁልጊዜ በፈረንጅ ጁላይ 8 ይውላል፤ መስከረም 1 ቀን ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይዛወራል። የሒሳብ ሠራተኛው በኢትዮጵያ ቀን የተጻፈውን ደረሰኝ ተቀብሎ በልቡ ወደ ፈረንጅ ቀን እየመለሰ ማስገባት አለበት። ጳጉሜንማ፣ የወር ደሞዝተኛ ለብቻዋ የማይከፈልባት ወር ስለ ሆነች፣ ሥርዓቱን ለጫኑት ባዕዳን ማስረዳት ትልቅ ድካም ነበር።

ከቀኑ የሚብሰው ግን ስም ነው። በወሎ አገር በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሙሐመድ አሕመድ የሚባሉ ሦስት አራት ሰዎች ቢገኙ አያስደንቅም። ሥርዓቱ የቤተ ሰብ ስም አምጡ ይላል፤ እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሙሐመድን አንዱ ጸሐፊ በኦ፣ ሁለተኛው በኡ ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው ኤም የሚባለውን ፊደል ይደርበዋል። ለመኪናው እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በገዛ ፊደላችንም ቢሆን አላመለጥንም። ከ1999 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጀምሮ ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ገብቶአል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ኃይሉን በሃሌታው ሀ የጻፈ ሰው በብዙኃኑ ኀ የተጻፈውን ኃይሉ ፈልጎ አያገኘውም። የድሮ መምህራን ፊደል አትቀላቅሉ እያሉ ሲገሥጹን የሚያነብብልን ሰው ስሕተታችንን ይረዳልን ነበር፤ መኪናው ግን አይረዳልንም። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ፣ ሁለቱ ስም የአንድ ሰው ስለ መሆኑ ይረጋገጥልኝ የሚል አቤቱታ የያዘች መበለት ስትገባ ባየሁ ቁጥር፣ ከ30 ዓመት በፊት ባሏን በችኮላ የመዘገበው እጅ ይታሰበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በጥቅምት 2014 ዓ. ም. ኮምቦልቻ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ እስከ ኅዳር ማብቂያም ድረስ በዚያው ቆየች። ፋብሪካዎች፣ የሕክምና ቤቶች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤቶችና የእርዳታ እህል መጋዘኖች ተዘረፉ። የወዳጄም መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮቹን ሁሉ አጣ፤ መዝገቡ የሚያድርበት ዋናው መኪና እንኳ ከሥሩ ተነቅሎ ሄደ። የጠፋውን ሽቦና ብረት በገንዘብ መተካት ይቻላል። በውስጡ ያለው ግን የእያንዳንዱ ሠራተኛ የቅጥር ቀን፣ የደመወዙ ልክ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ ለጡረታ የተቈረጠው ገንዘብ ነበር። የጡረታ አበል የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለ ሆነ፣ ይህ መዝገብ ከሌለ 58 ዓመት የሞላው ሸማኔ በምን ይቆጠርለታል?

ወዳጄ በየወሩ መጨረሻ የመዝገቡን ግልባጭ በአለቃቸው ፈቃድ በትንሽ ዲስክ ወስደው ወደ ቤት የመውሰድ ልማድ ነበራቸው። ጓደኞቻቸው ይሥቁባቸው ነበር። ከተማይቱ በተያዘች ሌሊት ባለቤታቸው ያንን ዲስክ በፌስታል ጠቅልለው በጎታው ውስጥ ከማሽላው ሥር ቀበሩት። ቤታቸው ሁለት ጊዜ ተፈተሸ። ቴሌቪዥኑና ብርድ ልብሱ ሄደ፤ ማሽላውም በከፊል ተዘገነ፤ ታችኛው ግን አልተነካም። ወይዘሮዋን፣ ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበርን? ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ ምንነቱን አላውቅም፤ ግን 20 ዓመት በሰኔ ሌሊት ባሌን የወሰደብኝ እርሱ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፣ ብለው መለሱልኝ።

ዲስኩ የያዘው እስከ መስከረም 30 ቀን ያለውን ነበር። የጥቅምቱ ወር ሒሳብ ግን በእጅ እንደ አዲስ ተሠራ። ከባንክ የሒሳብ መግለጫ ተጠየቀ፤ ከሻጮች የደረሰኝ ግልባጭ ተለመነ፤ የበር ዘበኛው የመኪና መግቢያና መውጫ የጻፈበት ባለ መስመር ደብተር ከአንድ ጥግ ወድቆ ተገኘ፤ እርሱም ከሁሉ የበለጠ ጠቀመ። ያ ሥራ እስከ መጋቢት ፈጀ። ድሮ በመዝገብ ያደጉት ሽማግሌዎች ያለ መኪና እንዴት እንደሚሠራ ለወጣቶቹ ያሳዩት ያን ጊዜ ነው።

ሕጉም በበኩሉ መንገድ ከፍቶአል። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አንድ ጽሑፍ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተያዘ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈግ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ከኮምፒዩተር የወጣ ወረቀት ሲቀርብ ተከራካሪው ወገን፣ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ከዚያ በኋላስ ማን ነካው? ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሥርዓቱ አያያዝ ነው፤ የወረቀቱ ማማር አይደለም።

የወዳጄ ታላቂቱ ልጅ ዛሬ በዚሁ ሙያ ላይ ናት። ከኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ተቋም ወጥታ ለንግድ ቤቶች ሥርዓት ትጭናለች፤ ትጠግናለች፤ ታስተምራለች። አባትየው ሴት ልጅ ለብቻዋ ከከተማ ወደ ከተማ መዞርዋን በመጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። እርስዋ ግን ለአንድ ነጋዴ የሥርዓቱን ጠባይ ስታስረዳ፣ በ9 የሚከፈለውን ጉድለት ነገር ስትነግረው ሰምተው፣ ከዚያ ወዲህ ስለ መንገዱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዓምድ፣ የሠራተኛ ቤተ ሰብ ለጡረታ ጊዜ በቤቱ ሊያኖራቸው የሚገቡትን ወረቀቶች፣ ይልቁንም የቅጥር ደብዳቤንና የስም አጻጻፍን ነገር በዝርዝር እንጽፋለን። በስም ልዩነት ምክንያት የተቸገራችሁ ብትኖሩ ጉዳያችሁን ባጭሩ ጽፋችሁ ብትልኩልን ከዚያው ጋራ አብረን እንመለከተዋለን።