የተከፈለ ዕዳ በመዝገብም ይዘጋ

ምርት ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት የአርሶ አደሩ የዕዳ መክፈያ ወራት ናቸው። ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የተወሰደው ብድር የሚመለሰው፣ የመጪው መኸር ግብዓትም የሚታሰበው በዚሁ ወቅት ነው። አዲስ ብድር ለማግኘት ግን የቀድሞውን መክፈል ብቻ አይበቃም፤ መከፈሉ በመዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

ከፍሎ ሳለ «ዕዳ አለብህ» የሚባል አርሶ አደር ጉዳቱ ለብቻው አይቀርም። ብድሩ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ከሆነ የአንዱ ስም መበላሸት ሌሎቹንም ያግዳል። እርማቱ ከዘገየ ደግሞ የዘር ጊዜ ያልፋል፤ ዝናብ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ስህተቱ የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ለሰብሳቢ ይሰጣል። ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ የተከፈለው ለአበዳሪው ተቋም ሳይተላለፍ ይቆያል። ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ለመውሰድ ፈርሞ አንድ ብቻ የደረሰው ሰው የሁለት ዕዳ ይጻፍበታል። በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚመሳሰሉ ሰዎች ባሉበት ቀበሌም የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይወድቃል።

ጉዳዩ በቀበሌ ተወስኖ አይቀርም። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም እዚያው ያጣራሉ። ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ ያሳሳተው መረጃ ለከብት ማድለቢያ ወይም ለውኃ መሳቢያ ሞተር ሌላ ባንክ የሄደውን አርሶ አደር ይከተለዋል። መረጃውን የላከው አበዳሪው በመሆኑ እርማቱም መጀመር ያለበት ከዚያው ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ አርሶ አደሩ በከፈለ ቁጥር ደረሰኝ ይቀበል፤ ስሙን፣ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ እዚያው ያንብብ ወይም ያስነብብ። ብድሩ ሲያልቅ ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቅ። ስህተት ካገኘም የውሉንና የደረሰኙን ቅጂ አያይዞ በጽሑፍ ያመልክት፤ ማመልከቻው የገባበትን ቀንና ቁጥር ይያዝ፤ ዋናውን ደረሰኝ ግን ለማንም አይስጥ።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ከአበዳሪ ተቋማት ጋር ሆነው የግብዓት ሥርጭት ከመጀመሩ በፊት መዝገቦችን ሊያመሳክሩ ይገባል። የተበዳሪዎች ስምና ቀሪ ዕዳ በየቀበሌው ለባለቤቶቹ ይነገር፤ ቅሬታ የሚቀበል ባለሙያ ይመደብ፤ መልስ የሚሰጥበት ቀንም ይቆረጥ። የስም መመሳሰልን ለመለየት በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ይረዳል፤ 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር የአንድ ሰው ብቻ ነውና።

ይህ ሁሉ ግን ያልተከፈለ ዕዳ ይማር ማለት አይደለም። የተበደረ ይክፈል፤ መክፈል ያቃተውም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አበዳሪውን ያነጋግር። የከፈለው ደግሞ የከፈለ ተብሎ ይመዝገብ። መዝገቡ ሲታመን አርሶ አደሩ በወቅቱ ይከፍላል፣ አበዳሪውም ሳይሰጋ ያበድራል። የማመሳከሩ ሥራ ሰኔ ሳይገባ፣ ከአሁኑ ይጀመር።