«እያየሁት ነው»

ባለፈው ሳምንት ከምግብ አዳራሹ ደጃፍ ቆመን ስንከራከር፣ አንድ ወንድማችን «ሕዝባችንን አደንዝዞ የያዘው ቴሌቪዥን ነው» ሲል ተናገረ። ንግግሩ ያማረ ነበርና ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብሁ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን አፈርሁ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ቤታችን ሰበታ ነው። እናቴ የምትሠራው በዓለም ገና በኩል ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሲሆን፣ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ከመሸ ትመለሳለች። ራት ከተበላ በኋላ በአማርኛ የሚናገሩትን ቱርኮች ለማየት ትቀመጣለች። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የኢስታንቡልን ባለጠጎች ዝምድና ከራሳችን ዘመዶች ይልቅ አጣርተሽ ታውቂያለሽ እያልሁ እቀልድባት ነበር።

ባለፈው ዕረፍት ልብ ብዬ ስመለከታት ግን ለካስ አታይም! ድራማው በተጀመረ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳታል። ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ስነሣ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ተወው ልጄ፣ እያየሁት ነው» ትለኛለች።

ይህ የእናቴ ጠባይ ብቻ እንደሆነ ለማጣራት ሁለት ጓደኞቼን ጠየቅሁ። አንዱ የቡራዩ ልጅ ነው። አባቱ ግንበኛ ናቸው፤ በማለዳ ታክሲ ተሰልፈው በአምቦ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ። ማታ «ዝም በሉ፣ ዜና ነው!» ብለው ቤቱን ሁሉ ጸጥ ካሰኙ በኋላ፣ የአየሩ ጠባይ ሳይነገር ማንኮራፋት ይጀምራሉ። ሁለተኛው ከእንጦጦ ማዶ የሱሉልታ ልጅ ነው። ነፋስ ዲሹን ባዛባው ቁጥር ታላቅ እኅቱ ጣራ ላይ ታወጣዋለች። እርሱ ከላይ «መጣ?» ይላል፤ እርሷ ከታች «ጠፋ!» ትላለች። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲጀመር ወደ ምዕራብ ይመለከት የነበረውን ዲሽ ወደ ምሥራቅ ያዞረውም እርሱው ነው። ታዲያ ከብዙ ድካም በኋላ ሥዕሉ ሲስተካከል፣ እኅቲቱ ከመልስ በፊት ተኝታ ይደርሳል።

የአገራችን ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ሣጥኑ የጥቂቶች ጌጥ ነበር። ዛሬ ግን የደከመ ሰው ሁሉ ማረፊያ ሆኗል። የስሙ ትርጉም «ሩቅ ማየት» ማለት ነው፤ እውነትም የቱርክን ባሕር ዳርቻ እሰበታ ድረስ ያመጣልናል። የሰበታን የንጋት ሰልፍ ግን ሲያሳየን አላየሁም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የጓደኛዬ አባት ግን ዛሬም ያንኑ ሰልፍ ይሰለፋሉ።

በቴሌቪዥን ከንቱ ነገር አይታይም አልልም፤ ሞልቷል። ነገር ግን የምንከሰው ሣጥኑን ብቻ ከሆነ ዋናው ተከሳሽ ያመልጠናል። ሰውን የሚያደነዝዘው ድራማው ሳይሆን ከድራማው በፊት ያለፈው ቀን ነው፤ ረጅሙ ሥራ፣ ረጅሙ መንገድ፣ ረጅሙ ሰልፍ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለሰው የምትተርፈው አንዲት ሰዓት ብቻ ስትሆን፣ በእርሷ መጽሐፍ አላነበብህም ብሎ መውቀስ መጻሕፍት ቤት አጠገብ ለምንኖር ለእኛ ቀላል ነው። ክርክራችንም «ሕዝቡ ምን ያያል?» ከማለት ይልቅ «ሕዝቡ ስንት ሰዓት ይተኛል?» ብሎ ቢጀምር እመርጣለሁ።

እኔ በበኩሌ መቀለዱን ትቻለሁ። ወደ ቤት ስሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ጋቢዬን አለብሳታለሁ፤ ቴሌቪዥኑን ግን አላጠፋም፣ እያየችው ነውና። ያ ተናጋሪ ወንድማችንም አንድ ቀን ሰበታ መጥቶ ንግግሩን ለእናቴ ቢያሰማት ደስ ይለኛል። በአክብሮት ታዳምጠዋለች። ከ10 ደቂቃ እንዳያስበልጥ ብቻ አደራ።