የቀድሞው ሰንጠረዥ በአዲሱ ሕግ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የምትኖሩ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ቼዝን ተምረው ሲመለሱ የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ ደግሞ አሳውቋቸው። በዚያ ጨዋታ ሁለቱም እስከ መጀመሪያው ምርኮ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፉ ነበር፤ ፈርዝም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄድ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አውሮፓ በሠራው ሕግ ግን ስፍራውን የያዘችው ንግሥት እስከ ዳር ትሮጣለች። ስለዚህ የቀድሞውን ጨዋታ ወደ አዲሱ ለማዛወር ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ደካማው የጠበቀውን ኀይለኛዋ ታፈርሰዋለችና፥ ሁሉም እንደ ገና ይፈተን። ሳይለወጥ የሚተላለፈው ክብሩ ነው፤ የባላጋራን ንጉሥ በፈረስ መውጫ ከማሳጣት ይልቅ በመደቅ፣ ማለት በእግረኛ፣ ማሳጣት ይመሰገን ነበር። ይህንንም አዲሱ ሕግ አይከለክልም። ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሽማግሌ በቤቱ ያለ ሳይዘገይ ይጠይቃቸው፤ አዋቂው ሲያልፉ ጨዋታው አብሮ ያልፋልና።