ለተሰፋ ሆድ ኪኒን ይበቃዋልን?

በሕክምና ትምህርት ክፍል ባሉ ጓደኞቻችን ዘንድ ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ይኸውም ሆዱን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ የብግነት መከላከያ ኪኒን ለጥቂት ቀን ቢወስድ፣ አንጀቱ በውስጥ ጠባሳ እንዳይጣበቅ ይረዳዋል ወይስ አይረዳውም የሚል ነው። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ የሚመስለው ይኖራል። እኛ ግን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር ነንና ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ከየጎረቤታችን በትርፍ አንጀት ወይም በወሊድ ምክንያት ሆዱ የተከፈተ ሰው አይጠፋም።

አንጀትን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲቆረጥ፣ ሲታሽ ወይም ሲደርቅ፣ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ፋይብሪን የሚባል የሚያጣብቅ ድር ይሠራል። ጤነኛ ሽፋን ይህን ድር በጥቂት ቀን ውስጥ አሟሙቶ ያጠፋዋል። ደም በደንብ በማይደርስበትና ብግነት በበረታበት ቦታ ግን ማሟሟቱ ይደክማል፤ ድሩም ወደ ጠባሳ ገመድ ይለወጣል። ገመዱ ከሳምንታት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሃያ ዓመት በኋላ አንጀትን ያንቃል፤ ሴትንም መካን ሊያደርጋት ይችላል። በስኮትላንድ በ1986 እ.ኤ.አ. ሆዳቸው የተከፈተ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ1999 ታትሞ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ያህል ከመጣበቅ ጋር በተያያዘ ወይም ሊያያዝ በሚችል ምክንያት ወደ ሐኪም ቤት ተመልሷል።

በአገራችን አንጀት ይዘጋ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ በመጠማዘዝ ነው። አሁን ግን ኦፕራሲዮን እየተስፋፋ ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጤና መኮንኖች ሳይቀሩ በድንገተኛ ኦፕራሲዮንና በማዋለድ እየሠለጠኑ ወደየወረዳው ይላካሉ። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም የተከፈተ ሆድ ሁሉ ነገ ሊጣበቅ የሚችል ሆድ ነው።

ወደ ኪኒኑ እንመለስ። በአይጥና በጥንቸል ላይ በተደረጉ ሙከራዎች መድኃኒቱ ጠባሳውን የቀነሰበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። በሰው ላይ ግን ይህን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። የሚጣበቀው ቦታ ደም የሚያንሰው በመሆኑ፣ የተዋጠው መድኃኒት እዚያ መድረሱም ያጠራጥራል። ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው፤ ጨጓራ ያደማል፣ ውኃ ያጠረውን በሽተኛ ኩላሊት ይጎዳል፤ ዲክሎፌናክም ተቆርጦ የተቀጠለ አንጀት እንዲያፈስ ያደርጋል ተብሎ ይፈራል። ኮርቲዞንማ ቁስሉ እንዳይገጥም ያዘገያል። «ርካሽ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚሉን ጓደኞቻችን ይህን ይመልሱልን። አይጧ ኪኒኗን በሰዓቱ የምትወስደው ከቤተ ሙከራ ሣጥኗ ሳትወጣ ነው እንጂ የሰበታን መንገድ በሚኒባስ እየተንገላታች አይደለም። ሐኪም ለሕመም ማስታገሻ ያዘዘውን አንቃወምም፤ የምንቃወመው ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ለሕዝብ ማውራትን ነው።

የአንዱ ባልደረባችን አክስት ሱሉልታ ይኖራሉ። በኦፕራሲዮን ከወለዱ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሆዳቸው ተነፍቶ ሲያስመልሳቸው አንድ ክሊኒክ ሦስት ቀን የጨጓራና የወስፋት መድኃኒት ሰጣቸው፤ ሆዳቸውን ገልጦ ጠባሳውን ያየ ሰው አልነበረም። እንጦጦን ተሻግረው አዲስ አበባ ሲደርሱ አንጀታቸው ጠቁሮ ተገኘ፤ አንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ ወጣ። ደግነቱ በሕይወት አሉ። እኚህን ሴት የጎዳቸው የኢቡፕሮፌን መጥፋት ነውን?

አንጀትን በእርጋታ መያዝ፣ እንዳይደርቅ ማርጠብ፣ ደም አለማስቀረት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዱቄት ያለበት ጓንት ጠባሳ እንደሚያባብስ ታውቆ አሜሪካ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። በቀዳዳ የሚደረገው ኦፕራሲዮንም መጣበቅን ይቀንሳል፤ መሣሪያው በየቦታው እስኪዳረስ ግን መጠበቅ ሊኖርብን ነው።

መምህሮቻችን ኪኒኑን በአገራችን በሽተኞች ላይ፣ በፈቃዳቸውና በትክክለኛ ማነጻጸሪያ እንዲፈትኑት እንለምናለን፤ ውጤቱ እኛን ቢያሳፍረንም ደስ ይለናል። ሦስቱን ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥሩ ያደረገው የሸገር ከተማ የጤና ኃላፊዎችም አንድ ነገር ያድርጉልን። ሆዱ ተከፍቶ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሁሉ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ ወረቀት ይሰጠው። በወረቀቱም ላይ ምን እንደ ተሠራለትና መቼ እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ከዚያም «ሆድህ ቢነፋ፣ ቢያስመልስህ፣ ፈስና ዓይነ ምድር ቢቆምብህ፣ ዓመታት ቢያልፉም እንኳ ይህን ይዘህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ» ይበል።