ነቢብና ገቢር በለቡ ሐዲድ ላይ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ለቡ ከሚባለው ሰፈራችን ዳር፣ ፉሪ ለቡ የተባለው የባቡር ጣቢያ ቆሞ ይታያል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚህ ጣቢያ አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባቡር በተመረቀ ጊዜ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋውና በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ይህ ሥራ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ዘመኑን ፈጽሞ ካረፈው ከአሮጌው ሐዲድ ቀጥሎ አገራችን በብረት መንገድ ዳግመኛ ወደ ባሕር የወጣችበት ስለ ሆነ፣ ደስታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም በጣቢያው አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር ከልቡናዬ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሐዲዱን ያነጠፉት፣ ሽቦውን የዘረጉት፣ በመጀመሪያዎቹም ዓመታት ሥራውን የመሩት የቻይና ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የእኛ የምህንድስና ደቀ መዛሙርት ከዚያ ሁሉ ሥራ ምን ያህሉን በእጃቸው ዳስሰው ተማሩት የሚለው ነው።

የቀድሞ ሊቃውንታችን ነቢብንና ገቢርን፣ ማለት ቃልንና ሥራን፣ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ለይተው አያስተምሩም ነበር። የዜማ ተማሪ ድጓውን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ያጠናል፤ በበዓሉ ዕለት ደግሞ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከካህናቱ ጋር በማኅሌት ይቆማል፤ ቢሳሳት የሚያቀናው መምህር እዚያው አጠገቡ አለ። ትምህርት ቤቱና የአገልግሎቱ ሥፍራ አንድ ደብር ስለ ነበሩ፣ ተምሮ ያላገለገለ፣ አገልግሎም ያልተማረ ሰው አይገኝም ነበር። ዘመናዊውን ትምህርት ስናስገባ ግን ነቢቡን በአንድ አጥር ውስጥ፣ ገቢሩን በሌላ አጥር ውስጥ ዘግተን፣ በመካከላቸው የትብብር ደብዳቤ የያዘ ብላቴና ብቻ እንዲመላለስ አደረግን።

ይህን የምለው ያየሁትን ይዤ ነው። የጎረቤቴ ልጅ የምህንድስና ተማሪ ሳለ፣ በሥርዓተ ትምህርቱ የታዘዘውን የተግባር ልምምድ የሚፈጽምበት ድርጅት ፍለጋ፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ይዞ ከበር ወደ በር ሲንከራተት ሰነበተ። በመጨረሻ የተቀበለው አንድ ፋብሪካ መኪናውን እንዳይነካ ከልክሎ፣ ወራቱን በመዝገብ ክፍል ወረቀት ሲያስተካክል እንዲያሳልፍ አደረገው፤ በፍጻሜውም የምዘና ቅጹ ላይ መልካም ውጤት ሞልቶ ሸኘው። በዚህ ነገር አንዱን ወገን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ፋብሪካው ውድ መኪና እንዳይሰበርበት ይፈራል፤ ተማሪውን የሚከታተልበት ሰውም አልመደበም። መምህሩ ብዙ ጊዜ ከመማሪያ ክፍል ወደ ማስተማሪያ ክፍል የተሻገረ እንጂ በፋብሪካ ውሎ የማያውቅ ነው። መንግሥትም ከመቶው ተማሪ 70ውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በላከ ጊዜ፣ ለዚህ ሁሉ ወጣት የሚበቃ የሥራ ቦታ ከወዴት እንደሚገኝ አስቀድሞ አልመከረም።

ትምህርትንና ሥራን ማጣመር በኢትዮጵያ ምድር አይቻልም የሚል ቢኖር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ታሪክ ይመልከት። ይህ ድርጅት በ1938 ዓ.ም. ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ሲመሠረት፣ አብራሪዎቹም ሆኑ ሥራ መሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ነገር ግን ዕውቀቱ ከባዕዳን እጅ ወደ ዜጎች እጅ እንዲሻገር ከጥንቱ ታስቦ ስለ ነበረ፣ ድርጅቱ በገዛ ግቢው ትምህርት ቤት ከፍቶ አብራሪውንና ጠጋኙን ከአውሮፕላኑ አጠገብ አስተማረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እንግዲህ ማስተማር የንግድ ሥራን ያከስራል የሚለውን ሐሳብ ይህ ድርጅት በሥራው ሽሮታል፤ በአፍሪካ ከታላላቆቹ አየር መንገዶች ተርታ የቆመው ማስተማርን እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ ህልውናው መሠረት በመቍጠሩ ነውና።

በባቡሩም ዘንድ ዘሩ ጨርሶ አልጠፋም። የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ጋር ተባብሮ በባቡር ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከፍቷል፤ በዓለም ባንክ ድጋፍም የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል በዚያው ተቋቁሟል። ባቡሩ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል በቻይና ኩባንያዎች ሲተዳደር ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር ተላልፏል። ከእንግዲህ ወዲህ ለሚደርሰው ብልሽት የሚጠየቀው ሌላ ሰው አይደለም።

ያም ብልሽት በባዕድ አገር መጽሐፍ መልሱ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም። ሐዲዱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከሚበልጠው ከሸገር ደጋ ተነሥቶ፣ አዳማንና አዋሽን አልፎ፣ ድሬዳዋን ተሻግሮ፣ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል፤ በዚህ ቍልቍለት ፍሬኑ እንዴት እንደሚያልቅ፣ የቆላው ሐሩርና አቧራ ብረቱንና መሣሪያውን ምን እንደሚያደርገው፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ጕዞው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የአርብቶ አደሩ ግመልና ከብት በሐዲዱ ላይ እንዳያልቅ ምን መላ እንደሚበጅ፣ እነዚህ ሁሉ የእኛው ጥያቄዎች ናቸው። ከእነዚህ እያንዳንዱ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ ጥያቄው በለቡ፣ ጠያቂው በአምስት ኪሎው ኢንስቲትዩት ተለያይተው መቀመጣቸው ግን ያሳዝናል፤ መንገዱ የአንድ ጧት መንገድ ነውና።

ጠያቂውንና ጥያቄውን ያገናኘ ሥርዓት በሌላም አገር ታይቷል፤ በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኸርማን ሽናይደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ተማሪዎቻቸው ትምህርቱንና የፋብሪካውን ሥራ በየተራ እንዲይዙ ሥርዓት በሠሩ ጊዜ፣ ጥቂት ተማሪዎች ይዘው ነበር የጀመሩት፤ ሥርዓቱ ግን ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። እኛም በጥቂቱ እንጀምር። አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲውና በድርጅቱ መካከል የሚደረገው ስምምነት የፊርማ ሥነ ሥርዓት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ስንት ተማሪ፣ በየትኛው ወርክሾፕ፣ በማን ኀላፊነት እንደሚሠራ ተቈጥሮ ይጻፍበት። ቀጥሎም በወርክሾፑ ተማሪውን የሚመራው መሐንዲስ መምህር ተብሎ ይሰየም፤ ድካሙ በደመወዙም በዕድገቱም ይታሰብለት፤ የዩኒቨርሲቲው መምህርም በተወሰነ ዘመን ወደ ድርጅቱ ሄዶ ከሠራተኛው ጋር ይዋል፤ ይህም ለማዕረግ ዕድገቱ እንደ ምርምር ጽሑፍ ይቈጠርለት። በመጨረሻም ድርጅቱ የብልሽቱን መዝገብ ለዩኒቨርሲቲው ይክፈት፤ የመመረቂያው ጽሑፍ ርእስ ከዚያ መዝገብ ይውጣ።

ሐዲድ በብድር ይገዛል፤ ሐዲድን የሚጠግን አእምሮና እጅ ግን በብድር የሚገኝ አይደለም፤ ዓመታትን ፈጅቶ፣ ከመምህርና ከባለሙያ እጅ ወደ ደቀ መዝሙር እጅ እየተላለፈ ይወረሳል እንጂ። ስለዚህ የድርጅት መሪዎች ሆይ፣ የትብብር ደብዳቤ ይዞ በራችሁ ላይ የቆመውን ብላቴና እንደ ሸክም አትዩት፤ መምህራን ሆይ፣ ደቀ መዛሙርታችሁን ብቻቸውን አትላኩ፣ አብራችኋቸው ሂዱ። የለቡ ጣቢያ ለመንገደኛ ብቻ ሳይሆን ለተማሪም በሩን ይክፈት።