ጋቢናው ይሠራ፤ ቅስቱ ግን አይቆረጥ!

ትንሿን ትራክተር የሚነዳ ሰው ፀሐዩም ዝናቡም አቧራውም የሱ ነው። በላሜራና በሸራ ጋቢና እንሥራለት ብትሉ ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ።

ነገር ግን ከመቀመጫው ጀርባ የቆመውን ወፍራም የብረት ቅስት «ጣራውን ከለከለን» ብላችሁ እንዳትቆርጡት! ጌጥ መሰላችሁ እንዴ? ትራክተሯ ተዳፋት ላይ ስትገለበጥ ሾፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድነው እሱ ነው፤ ያውም ቀበቶውን ካሰረ። ስዊድን በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህን መከላከያ እንዲይዝ በሕግ አስገደደች፤ በመገልበጥ የሚሞተውም ሰው እጅግ ቀነሰ። ላሜራው ፀሐይ ይከላከላል እንጂ የትራክተር ክብደት አይሸከምም። ቅስቱን መብሳትም መበየድም ያዳክመዋል። ጋቢናውን በማቀፊያ ብረትና በብሎን እሰሩት። በያጁ «ምንም አይል» ቢላችሁ አትስሙት፤ ሥሯ የሚተኛው እሱ አይደለም።

ጎኑን በላስቲክ ስትዘጉ ደግሞ የማርሚታው አፍ ከጣራው በላይ ይውጣ። በሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን ይገድላል። ኋላው ክፍት ቢሆን ይሻላል፤ ማረሻውም ይታያል። መውጫ በግራም በቀኝም ይኑር። ገንዘቡ ካነሰ ለዘንድሮ ጣራው ብቻ ይበቃል፤ በሩ ለከርሞ ይደርሳል።